በሰው መሬት ላይ ቀፎ ለማስቀመጥ ፈቃድ አጠያየቅ፦ ለጎጃም ንብ አናቢዎች

ጎጃም ውስጥ ንብ ማነብ ጀምሮ ቶሎ የሚያቆም ወጣት ብዙ ነው። ንቡ አስቸግሮት አይደለም። ቀፎ አለው፣ ሥልጠና ወስዷል፣ አካባቢውም አበባ በአበባ ነው። የሌለው መሬት ነው። የአባቱ ማሳ ለወንድማማቾች ተከፋፍሎ አልቋል። ወይም ደብረ ማርቆስ፣ ቡሬ፣ እንጅባራ ከተማ ውስጥ ተከራይቶ ነው የሚኖረው። ቀፎውን የሚያሳርፈው እንግዲህ በሰው መሬት ላይ ነው።

የሰው መሬት መጠየቅ ደግሞ ይከብዳል። ገበሬው በቀላሉ «አይሆንም» አይላችሁም፣ «ይሁን» ሲልም ከልቡ ላይሆን ይችላል። ሌላም ጣጣ አለ። ባለመሬቱ አንድ ሰው ነው፤ ንብ ግን ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር በርራ ትቀስማለች። የአንድ ሰው ፈቃድ ይዛችሁ ብትገቡም፣ እዚያ የሚያቆያችሁ የጎረቤቱ ስምምነት ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ በዚህ ዙሪያ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላንሳ። «ለአደንስ? ባለመሬቱን አስፈቅጄ ቆቅ ወይም ሚዳቋ ማደን እችላለሁ?» የሚሉ አሉ። አይቻልም። ገበሬው የማሳውን በር ሊከፍትላችሁ ይችላል፣ የዱር እንስሳው ግን የእሱ ስላልሆነ ሊፈቅድላችሁ አይችልም። በዱር እንስሳት ሕጉ መሠረት ከመንግሥት ፈቃድ ሳያወጡ ማደን ወንጀል ነው፤ በገንዘብም በእስራትም ያስቀጣል። ዝንጀሮ ወይም ከርከሮ ሰብል ካስቸገረም መንገዱ ለወረዳው ማመልከት ነው። ይሄን እዚህ ላይ ልተወውና ወደ ቀፎው።

መጀመሪያ አበባውን እዩ

ብዙ ሰው የሚያውቀው ዘመድ ያለበትን ቀበሌ ይመርጥና አበባውን በኋላ ያስባል። ተገላቢጦሽ ነው። መስከረምና ጥቅምት ላይ ወጥታችሁ በእግር ዙሩ። አደይ አበባና መች የሚባለው አበባ የት ይበዛል? ኑግ የተዘራው የት ነው? ዳንግላና ማቻከል አካባቢ ከሆናችሁ ግብጦውን አትለፉት፤ ሰው ከአረቄ ጋር የሚቆረጥም ነገር አድርጎ ብቻ ያየዋል እንጂ ንብም ትወደዋለች። ወደ ጮቄ ተራራ ግርጌ ጦስኝ አለ። ባሕር ዛፍ የሌለበት ሰፈር የለም ማለት ይቻላል። ዋንዛ፣ ብሳና፣ ግራዋ በየወንዙ ዳርና በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ታገኛላችሁ።

ዛፍ ላይ ብትመኩ ግን አንድ ጥያቄ አለ፦ መቼ ይቆረጣል? ባሕር ዛፍም ሆነ በአዊ በኩል ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ የሚባል ዛፍ የተተከለው ለመቆረጥ ነው። ዘንድሮ ጥላ ሆኖ ያያችሁት ለከርሞ ጉቶ ሊሆን ይችላል።

ውኃንም አትርሱ። በአቅራቢያ ውኃ ከሌለ ንቦቻችሁ የሚሄዱት መንደሩ ወደሚቀዳበት ምንጭ ነው። እንስራ ወይም ጀሪካን ይዘው የሚመጡ ሴቶችና ልጆች እዚያ መነደፍ ከጀመሩ ባለመሬቱ የሰጣችሁ ፈቃድ በሳምንት ውስጥ ይፈርሳል። ምንጭ ቅርብ የሆነበትን ቦታ ከመረጣችሁ ከቀፎው አጠገብ በሰፊ ዕቃ ውኃ አስቀምጡ፤ ንቦቹ ቆመው እንዲጠጡ ጠጠር ወይም ገለባ ጣል አድርጉበት። በጋውን ሙሉ መድረቅ የለበትም።

ለመጠየቅ ጥሩው ጊዜ የካቲትና መጋቢት ነው። አውድማው አልቋል፣ እርሻው ገና አልጠነከረም፣ ሰው ቁጭ ብሎ ያወራል። ሰኔና ሐምሌ ላይ ከሞፈርና ቀንበር ጋር እየታገለ ያለ ገበሬን ስለ ቀፎ ብታነጋግሩት የምታገኙት መልስ የድካም መልስ ነው። ማለትም በመስከረም ታያላችሁ፣ በየካቲት ትጠይቃላችሁ፣ ለቀጣዩ መስከረም ትደርሳላችሁ። ረጅም ነው፣ አውቃለሁ። የሚቸኩል ሰው ለዚህ ሥራ አይሆንም።

መሬቱ የማን ነው?

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ገበሬው ባለይዞታ ነው፤ የመጠቀም መብት አለው፣ ማስረጃውም የይዞታ ደብተሩ ነው። እናንተን የሚመለከታችሁ ግን ደብተሩ ላይ የሰፈረው ስም ነው። ባልና ሚስት ከሆኑ የሁለቱም ስም አለበት። ባልየውን ጠይቃችሁ ሚስትየዋን ከዘለላችሁ ግማሽ ፈቃድ ነው የያዛችሁት። በተግባር ደግሞ ከግማሽ ያነሰ ነው፤ ቀን ቀን ከቀፎው አጠገብ የምትውለው፣ ልጅ ሲነደፍ የምትደነግጠው እሷ ናትና።

ማሳው ላይ የምታዩት ሰው ባለይዞታው ላይሆን ይችላል። እኩል አራሽ ወይም ተከራይ ሊሆን ይችላል። ባለይዞታዋ አቅም ያነሳቸው እናት ወይም ባሏ የሞተባት ሴት ትሆንና አራሹ ሌላ ይሆናል። ያኔ ሁለቱንም ጠይቁ። ባለይዞታዋ ካልፈቀደች ቦታው የለም፤ አራሹ ካልተስማማ ቀፎው አይከርምም።

ወንድማማቾች ያልተካፈሉት የውርስ መሬት፣ ወይም ድንበሩ ላይ ክርክር ያለበት መሬት ከሆነ፣ አበባው የፈለገውን ያህል ቢያምር እለፉት። እናንተ ቀፎ ያስቀመጣችሁበት ጥግ «እሱ ለማን ፈቅዶ ነው?» ለሚል ጠብ መነሻ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ፍርድ ቤት ምስክር ሆናችሁ የምትቆሙት እናንተ ናችሁ።

ኮረብታውና ሸንተረሩ የወል መሬት ከሆነ ግለሰብ ሊፈቅድላችሁ አይችልም። ቀበሌውን ትጠይቃላችሁ። ብዙ ቦታ የተፋሰስ ሥራ የተሠራበትና ከከብት የተከለለ ተራራ ለወጣት ማኅበራት ይሰጣል፣ አንዱ ሥራቸውም ንብ ማነብ ነው። እዚያ በግል ከመግባት በማኅበር መግባት ይሻላል።

የቤተ ክርስቲያን ደን ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ጎጃም ውስጥ አገር በቀል ዛፍ በብዛት የቀረው በየአጥቢያው ዙሪያ ስለሆነ ለንብ ከዚያ የተሻለ ቦታ ማግኘት ይከብዳል። ፈቃዱን የሚሰጡት የደብሩ አስተዳዳሪና ሰበካ ጉባኤው ናቸው። አንድን ቄስ በመንገድ አግኝታችሁ «አባ ፈቅደውልኛል» ማለት አያስኬድም። ቀፎው ከቅጥሩ በር፣ ከቤተልሔምና ምእመን ከሚሰበሰብበት ቦታ መራቅ አለበት፤ የንግሥ በዓል ዕለት ሕዝቡ በየት በኩል እንደሚዞርም ጠይቁ። ከሰሙ ለጧፍ የሚሆን ብትሰጡ ማንም ሳይነግራችሁ ትወደዳላችሁ።

ማን ይዟችሁ ይግባ

በቀጥታ ሄዳችሁ የማታውቁትን ገበሬ በር አታንኳኩ። ይዟችሁ የሚገባ ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሰው የሰፈሩ ሽማግሌ፣ የነፍስ አባት፣ ወይም ባለመሬቱ የጽዋ ማኅበር አብሮት የሚጠጣ ሰው ቢሆን መልካም ነው።

የቀበሌው የግብርና ባለሙያስ? ሕዝቡ «ዲኤ» የሚለው ማለቴ ነው። ስለ አበባ፣ ስለ ኬሚካል ርጭት፣ ስለ ንብ በሽታ ለመጠየቅ ከእሱ የሚሻል የለም። ለልመናው ግን እኔ ይዤው አልሄድም። ከባለሙያ ጋር ስትሄዱ ጉዳዩ የመንግሥት ፕሮግራም ይመስላል። ገበሬው ለባለሙያው ሲል እሺ ይላል፤ እሺታው ግን ለእናንተ አይደለም። ፈቃዱን ካገኛችሁ በኋላ ሄዳችሁ ለባለሙያው ብታሳውቁት ይሻላል።

ይዟችሁ የሚገባውን ሰው ስለ ሥራችሁ በደንብ አስረዱት። ስንት ቀፎ፣ የት ጋ፣ ለስንት ጊዜ፣ ባለመሬቱ ምን ያገኛል። እሱ ሳያውቀው የገባ ነገር በኋላ ቢወጣ ያፍራል፤ ሁለተኛ አይረዳችሁም።

የሚጠየቅበት ቀን

ገበሬው ሥራ የማይነካበትን በዓል ምረጡ። በየወሩ 12፣ 21፣ 27፣ 29 ወይም ደብሩ በሚከበርበት ቀን ከቅዳሴ በኋላ ቤቱ ወይም ደጀ ሰላሙ አካባቢ ታገኙታላችሁ። መጠየቅ ነው እንጂ መሥራት ግን በእነዚህ ቀኖች አይሆንም። በሚካኤል ዕለት ቀፎ ተሸክሞ የገባ ሰው በሰኔ በረዶ ቢጥል ጦሱ እሱ ነው ሊባል ይችላል። አትሳቁ፣ ይባላል።

ባዶ እጅ አትሂዱ። ቡና ወይም ስኳር ይበቃል። ሌላ ቦታ ቀፎ ካላችሁ ከዚያው ማር በትንሽ ዕቃ ይዛችሁ ብትሄዱ ሥራችሁ ራሱ ይናገራል። ትልቅ ስጦታ ግን ያስጠረጥራል።

ሜትርም፣ ጂፒኤስም አትያዙ። ስልክ አውጥታችሁ ማሳውን ፎቶ አታንሱ። በጎጃም መሬት መለካት ጥሩ ትዝታ የለውም። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር እምቢ ብሎ የሸፈተው አንዱ ፍርሃቱ መሬቱ ተለክቶ እንዳይወሰድበት ስለነበረ ነው። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተደረገውን የመሬት ሽግሽግ ደግሞ ዛሬም ብዙ ሰው ያስታውሰዋል፤ መሬት የተነሳበትም የደረሰውም በአንድ መንደር አብሮ ይኖራል። እንግዳ ሰው መጥቶ ማሳ ዳር ቆሞ ሲያይ ገበሬው የሚያስበው ስለ ማር አይደለም። «ይሄ መሬቴን ሊወስድ ይሆን?» ነው የሚለው። ይህን ስጋት ሳይናገረው እናንተ ቀድማችሁ መልሱለት።

ወሬው በሰላምታ ይጀምራል፤ አታሳጥሩት። ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማዳበሪያው። ቡናው ቢያንስ አንድ ጊዜ ይቀዳ። ጉዳዩን መጀመሪያ የሚያነሳው ይዟችሁ የገባው ሰው ነው። ከዚያ እናንተ፣ በአንቱታ፣ በአጭሩ፦

«አያ፣ አንድ ጉዳይ ይዤ ነው የመጣሁ። ከወንዙ በላይ ካለው ባሕር ዛፍዎ ዳር ሦስት ቀፎ ላስቀምጥ ብዬ አስቤ ነበር። መሬቱን አላርስ፣ ዛፍ አልቆርጥ። መሬቱ የእርስዎ ነው፣ ወረቀትም ላይ እንደዚያው ይጻፋል። ማር ሲቆረጥ እርስዎ ባሉበት ይቆረጣል። እስከ ታኅሣሥ ይሞከርና ካልተስማማዎት አነሳለሁ። ከእትዬም ጋር ተነጋገሩበትና ይንገሩኝ። ባይሆንም ቅር አይለኝም።»

በዚህ ውስጥ ሦስት ነገር አለ። ቁጥሩ ትንሽ ነው። ጊዜው ገደብ አለው። መልሱን ዛሬ አልጠየቃችሁም። ሃያ ቀፎ ቢኖራችሁም መጀመሪያ በሦስት ግቡ፤ አንድ ወቅት በሰላም ካለፈ ራሱ ባለመሬቱ «ጨምር እንጂ» ይላል።

ስለ ማሩ ብዛት አታጋንኑ። በተለምዶ ከባህላዊ ቀፎ ከ5 እስከ 8 ኪሎ፣ ከዘመናዊው ከ15 እስከ 20 ኪሎ ይገኛል ይባላል። ዝናቡ ካጠረ ወይም መንጋው ከኮበለለ ግን ምንም ላይገኝ ይችላል። ይህንንም ንገሩት። ትልቅ ተስፋ ሰጥቶ ትንሽ ያመጣ ሰው ሰርቋል ተብሎ ነው የሚታማ።

መልሱን ማንበብ ልምድ ይጠይቃል። «እስቲ ይታሰባል»፣ «ልጁ ሲመጣ እጠይቀዋለሁ»፣ «እግዜር ያውቃል» ከተባላችሁና ሁለተኛ ስትመጡም ያው ከሆነ፣ እምቢ ነው። በጨዋ ደንብ ነው እምቢ የተባላችሁት፤ አመስግናችሁ ሌላ ፈልጉ። ሦስተኛ አትመለሱ። በተቃራኒው ጥያቄ ከበዛ ጥሩ ምልክት ነው። «ፈረሴን ቢነድፍብኝስ?» ያለ ሰው ቀፎውን በሐሳቡ ማሳው ላይ አስቀምጦታል።

ስለ ከብት፣ ስለ ፈረስ፣ ስለ ልጅ

የፈረሱ ጥያቄ ቀልድ አይደለም። በተለይ አዊ ውስጥ ፈረስ የሰው ክብር ነው። ታስሮ የሚግጥ ፈረስ፣ በቅሎ ወይም አህያ ንብ ከተነሳበት መሸሽ ስለማይችል ሊሞት ይችላል። ስለዚህ እንስሳት የሚታሰሩበትን ቦታ ጠይቃችሁ ቀፎውን ከዚያ አርቁ። ቀፎ በምትከፍቱበት ቀን ደግሞ ቀድማችሁ አሳውቁ፤ የታሰረው ይፈታ፣ እረኛው ራቅ ይበል።

ብዙ ሰው የማያስበው ሌላው ነገር ልቅ ግጦሽ ነው። በመስከረም ሰብል ያለበት ማሳ ሰው አይረግጠውም፤ ሰላም ነው። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ግን ያው ማሳ የመንደሩ ከብት ሁሉ መዋያ ይሆናል። በሬ ሰውነቱን ቀፎ ላይ ያክካል፣ ቀፎው ይወድቃል፣ የቀረውን መገመት ትችላላችሁ። ስለዚህ አጥር ከመጀመሪያው ይታጠር። እሾህ ወይም ሰንሰል ይበቃል፤ የምትቆርጡበትን ቦታ ግን ባለመሬቱ ያሳያችሁ። ከሰው ቁመት የሚያልፍ ቁጥቋጦ በቀፎው ፊት ካለ ንቦቹ ከፍ ብለው ስለሚበሩ መንገደኛን አያስቸግሩም።

ከቤት፣ ከምንጭ፣ ከትምህርት ቤትና ከመተላለፊያ መንገድ ቢያንስ 100 ሜትር ራቁ። በፍጹም መሃል ማሳ ላይ አታስቀምጡ፤ የበሬ መዞሪያ ይዘጋል። የቀፎው በር ፊቱን ከመንገድ ያዙር፣ ቢቻል ወደ ምሥራቅ ይሁን፣ የጠዋት ፀሐይ ቶሎ ያነቃቸዋል።

ከቤተሰቡ ውስጥ ንብ ሲነድፈው መላ ሰውነቱ የሚያብጥ ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ካለ ቀድማችሁ ጠይቁ። ካለ ቦታውን ተዉት። ማንም ቢነደፍ መውጊያውን ወዲያው በጥፍር ጠርጎ ማውጣት፣ ትንፋሽ ካጠረው ደግሞ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው። ወጪው የእናንተ መሆኑን አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ወደ ጎረቤት ውረዱ

ባለመሬቱ ፈቀደ። አሁን ነው ዋናው ሥራ። ንቦቻችሁን የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ የባለመሬቱ እጅ አይደለም፤ ከሁለት ማሳ ወዲያ ያለው ሰው ርጭት ነው።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጤፍና ስንዴ ውስጥ ቱ ፎር ዲ ይረጫል። ይህ የአረም መድኃኒት ነው፤ በማሳው ዳርና ዳር ያለውን መችና ሌላ አበባ አብሮ ያደርቃል፣ ንቡን በረሃብ ይጎዳል። የከፋው ፀረ ተባዩ ነው። ጓያ፣ ሽምብራ፣ አትክልት ላይ ማላታይን ወይም መሰል መድኃኒት በአበባ ጊዜ ከተረጨ ንቦቹ እዚያው ይቀራሉ፤ ቀፎ በራፍ ላይ የሞተ ንብ ክምር ታያላችሁ። መራዊ አካባቢ 7 ሺህ ሄክታር ገደማ የሚያለማው የቆጋ መስኖ ያለበት ሰፈር በበጋ አበባና ውኃ አለው፣ ግን ርጭቱም አለ። ጫት የበዛበት የባሕር ዳር ዙሪያ ሰፈር ላይ እኔ ቀፎ አላስቀምጥም።

ስለዚህ ቀፎው ከመግባቱ በፊት በዙሪያው ያሉትን ገበሬዎች አንድ በአንድ አነጋግሩ። እነሱን የምትጠይቁት መሬት አይደለም። ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ከመርጨታቸው አንድ ቀን በፊት እንዲነግሯችሁ፣ ከተቻለ አበባው ሳይፈነዳ እንዲረጩ፣ ካልሆነም አመሻሽ ላይ ንብ ስትገባ እንዲረጩ። «አትርጩ» አትበሉ፤ ሰብሉ እንጀራው ነው። ስልካችሁን ስጧቸው፣ ሲደውሉላችሁም ኑ። ርጭት ባለበት ማለዳ የቀፎውን በር አየር በሚያስገባ ወንፊት ለጥቂት ሰዓት መዝጋት ይቻላል፣ ቀኑን ሙሉ ከተዘጋ ግን ንቦቹ በሙቀት ይታፈናሉ።

ይሄን ስታወሩ የሚጠቅማችሁ አንድ ነጥብ አለ። ኑግ፣ ባቄላና ጎመንዘር ንብ ሲበዛበት ፍሬው ይሻላል። ገበሬው ራሱ ያውቀዋል፣ ግን ከቀፎው ጋር አያይዞ አላየውም። ክርክር ከመጣ የንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 660/2002 የሚባል ሕግ እንዳለ እወቁ። አዋጅ ጠቅሶ ከጎረቤት ጋር መነጋገር ግን የመጨረሻው መንገድ ይሁን።

ማር ሲቆረጥ ከባለመሬቱ ድርሻ ሌላ ለእነዚህ ጎረቤቶች በትንሽ በትንሹ አድርሱ። አንድ ስኒ ማር የቀመሰ ሰው ሲረጭ ይደውላል። ቀፎ እንዳይሰረቅም ከሁሉ የሚበልጠው ጥበቃ ይኸው ነው።

ለባለመሬቱ ምን ይሰጠው?

ሦስት ዓይነት አካሄድ አለ። በቀፎ ልክ በዓመት የተቆረጠ ብር፣ የተቆረጠ ኪሎ ማር፣ ወይም ከተገኘው ላይ ድርሻ። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት በድርሻ ጀምሩ እላለሁ፤ ሲሶ ወይም እርቦ። ምክንያቱም ባለድርሻ ዘበኛ ነው። እረኛ ሲጠጋ የሚቆጣ፣ ጉንዳን ሲወጣ አመድ የሚነሰንስ፣ መንጋ ሲወጣ የሚደውል እሱ ነው። መጥፎ ዓመት ከሆነም ሁለታችሁም እኩል ታዝናላችሁ። የተቆረጠ ብር ከሆነ ግን ማር ባይገኝም ትከፍላላችሁ፣ እሱም ለቀፎው ግድ የለውም።

የድርሻ ችግሩ ጥርጣሬ ነው። መድኃኒቱ ባለመሬቱ ሳይኖር ቀፎ አለመክፈት ነው። ዋናው ቆረጣ ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር ላይ ነው፤ ሚዛን ይዛችሁ ኑ፣ እፊቱ መዝኑ፣ እዚያው አካፍሉ። ከድርሻው ይልቅ የሚመርጠው ቀፎ ከሆነ ደግሞ ከሦስቱ አንዱን ለእሱ አድርጉና አያያዙን አስተምሩት። ብዙ ጊዜ ከሁሉም የሚጸናው ውል ይህ ሆኖ አይቻለሁ።

መንጋ ሲወጣና የባለመሬቱ ዛፍ ላይ ሲያርፍ የማን ነው? አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ጠብ ግን ታመጣለች።

ወረቀቱ

በቃል መተማመን ደግ ነው። ሰው ግን ይሞታል፣ ይታመማል፣ ልጅ ከከተማ ይመጣል። አንድ ገጽ ይበቃል፦

«እኛ ባለይዞታዎች አቶ ______ እና ወ/ሮ ______፣ በ______ ቀበሌ ______ ጎጥ በሚገኘው ይዞታችን ዳር ንብ አናቢው አቶ ______ ______ ቀፎ ከ______ እስከ ______ እንዲያስቀምጥ ፈቅደናል። ንብ አናቢው በመሬቱ ላይ ምንም ዓይነት የይዞታ መብት የለውም። ከሚቆረጠው ማር ______ ለባለይዞታዎች ይሰጣል። በንቦቹ ምክንያት በሰው ወይም በእንስሳ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊው ንብ አናቢው ነው። ከሁለት አንዱ ውሉን ማቋረጥ ቢፈልግ ከ______ ወር በፊት ያሳውቃል፤ ከመስከረም እስከ ማር ቆረጣ ድረስ ግን ቀፎ እንዲነሳ አይጠየቅም።»

ባል፣ ሚስትና እናንተ ፈርሙ። ሦስት ምስክር ይኑር፤ አንዱ ይዟችሁ የገባው ሰው ይሁን። ማንበብ ለማይችል ሰው ጮክ ብሎ ይነበብለት፣ የሚያነበውም የእነሱ ልጅ ቢሆን ይመረጣል። ሁለት ቅጂ አድርጉ። «የይዞታ መብት የለውም» የሚለውን ዐረፍተ ነገር አትዝለሉ፤ ገበሬው የሚፈርመው እሱን ሰምቶ ነው።

ቀፎ ዳር ላይ ማስቀመጥ ሳይሆን መሬቱን ራሱን ለዓመታት ተከራይታችሁ አጥራችሁ የምትይዙ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ያ የመሬት ኪራይ ነው። በመሬቱ የመጠቀም መብት ያላቸው ሁሉ መስማማት አለባቸው፣ ውሉም በወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለበት።

ቀፎውን ስታስገቡ

ንብ የሚጓጓዘው ከመሸ በኋላ ነው፤ ሁሉም ሲገቡ በሩን ዘግቶ። ነገር ግን አሁን ባለው የጸጥታ ሁኔታ በሌሊት በማያውቁት ቀበሌ ሣጥን ተሸክሞ መገኘት ለሕይወት ያሰጋል። የሰዓት ገደብ ያለበት ቦታም አለ። እኔ የምመክረው ማታ በሩን በወንፊት ዘግታችሁ ጎህ ሲቀድ መንቀሳቀስ ነው። ከአንድ ቀን በፊት ለባለመሬቱና ለጎጡ ኃላፊ ንገሩ፣ ወረቀቱን ያዙ፣ ይዟችሁ የገባው ሰውም አብሯችሁ ይኑር። አዲሱ ቦታ ከድሮው ከሦስት ኪሎ ሜትር በታች ከሆነ ንቦቹ ወደ ድሮው ይመለሳሉና ይህንንም አስቡ።

የቀፎ መቆሚያውን ከነገ ዛሬ ሳትሉ ቀድማችሁ ሥሩ። የመቆሚያው እግር ሥር አመድ ወይም የተቃጠለ ዘይት ያለበት ቆርቆሮ አድርጉ፣ ጉንዳን እንዳይወጣ። ካስገባችሁ በኋላ ያለውን የመጀመሪያ ሳምንት ቶሎ ቶሎ ተመላለሱ። አዲስ ቦታ ላይ ንብ ቁጡ ናት፤ አንድ ሰው ከተነደፈ ወሬውን ከሌላ ሰው ሳይሆን ከእናንተ ይስማ።

አንሳ ከተባላችሁ

ይመጣል። ልጁ አግብቶ ቤት ሊሠራበት ይሆናል፤ ዛፉ ሊሸጥ ይሆናል፤ ወይም ሚስትየዋ ሰልችታት ይሆናል። ውሉን አውጥታችሁ አትከራከሩ፤ ምክንያቱን ጠይቁና የቆረጣው ጊዜ ከደረሰ እስከዚያ ታገሱኝ በሉ። አብዛኛው ሰው ይታገሣል። ቀፎውን ስታነሱ መቆሚያውን ንቀሉ፣ ጉድጓዱን ድፈኑ፣ የአጥሩን እሾህ ለባለመሬቱ ተዉለት ወይም አንሱት፤ የሚፈልገውን ጠይቁት። የመጨረሻው ድርሻም ካለ ከማንሳታችሁ በፊት ስጡ። በዚያ ሰፈር ሌላ ማሳ ለመጠየቅ ስትሄዱ አዲሱ ባለመሬት መጀመሪያ የሚጠይቀው የበፊቱን ነው።